የአንዱን ሞተር ብሎክ ከሌላው ቴስታታ ጋር ስታጋጥሙ፦ ሳልለካቸው ያለፍኳቸው ነገሮች

ሞተሩ 300 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ቆመ። መጀመሪያ የመጣው ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር) ላይ የማይሰማ፣ ነዳጅ ተሰጥቶ ሲለቀቅ ብቻ ብቅ የሚል ቀጭን ኳኳታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ወፈረ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ሲወርድ ዘይቱ ውስጥ የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ይብለጨለጫል፤ የ3ኛው ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን፣ ማለትም በክራንኩ አንገት ዙሪያ ያለው ስስ መሸፈኛ፣ ከመቀመጫው ዞሮ አልቋል። ሁሉም ብሎን በቦታው ገብቶ፣ ሁሉም በቶርክ ሬንች (ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ) ጠብቆ ነበር። ከተለያዩ ሞተሮች ተለቃቅሞ የሚሠራ ሞተርን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ዕቃዎቹ እርስ በርስ ይገባሉ፣ ሲገቡ ደግሞ የገጠሙ ይመስላሉ። ሁለተኛውን ሞተር የሠራሁት እያንዳንዱን ነገር ለክቼ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሬ ነው፤ እሱ ዛሬም ይዞራል። እናንተ ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን ሳትከፍሉ እንድታልፉት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ።

ጥምረቱ የታወቀ ነው፦ የቶዮታ 7ኤ-ኤፍኢ ብሎክና ክራንክሻፍት፣ በላዩ የ4ኤ-ጂኢ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ)። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 81 ሚሜ ነው። የ4ኤው ምት (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) 77 ሚሜ፣ የ7ኤው 85.5 ሚሜ ስለሆነ 1,587 ሲሲ የነበረው ወደ 1,762 ሲሲ ያድጋል። በደንብ የሚተነፍስ ቴስታታ ከረጅም ምት ጋር ይገናኛል ማለት ነው። የእናንተ ጥምረት ሌላ ቢሆንም የሚለካው ነገር አይለወጥም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ዕቃ ገዝቼ ከጨረስኩ በኋላ ማስላት መጀመሬ ነው። እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ድምር ሥሩ። የክራንኩን ምት ግማሽ፣ የቢዬላውን ርዝመት ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል፣ እና ከፒስተኑ ፒን መሃል እስከ ፒስተኑ ራስ ያለውን ቁመት ደምሩ። ድምሩ ከክራንኩ መሃል እስከ ብሎኩ ላይኛ ፊት ካለው ቁመት ጋር እኩል መሆን ወይም በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ማነስ አለበት። ከበለጠ ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ይወጣል። የ77ቱ ምት ግማሽ 38.5፣ የ85.5ቱ ግማሽ 42.75 ነው፤ ስለዚህ ክራንኩ ብቻ ሲቀየር ፒስተኑ 4.25 ሚሜ ወደ ላይ ይሄዳል። የ7ኤው ብሎክ ከ4ኤው ረዘም ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ነው። ይህን ድምር ሳትሠሩ ፒስተን አትግዙ።

ቀጥሎ ፒኑን ለኩ። የቀድሞዎቹ 4ኤ-ጂኢ ፒስተኖች 18 ሚሜ ፒን አላቸው፣ የኋለኞቹ ደግሞ 20 ሚሜ። ከውጭ ሲታዩ ልዩነታቸው በቀላሉ አይለይም፤ ቢዬላው ግን የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ፒኑ በቢዬላው ውስጥ ተጨንቆ የሚቀመጥ ነው ወይስ በሁለቱም በኩል በቀለበት ተይዞ የሚንሳፈፍ? ይህንንም እዚያው አረጋግጡ።

የፒስተኑ ራስ ሌላው ወጥመድ ነው። የኤፍኢው ቴስታታ ቫልቮች በጠባብ ማእዘን፣ ወደ 22 ዲግሪ ገደማ፣ ነው የተቀመጡት። በጂኢው ግን በመግቢያና በመውጫ ቫልቮች መካከል 50 ዲግሪ አለ። ስለዚህ በኤፍኢው ፒስተን ላይ ያለው የቫልቭ ማረፊያ ጉድጓድ ለጂኢው ቫልቭ ቦታውም አቅጣጫውም ልክ አይደለም። ሲሊንደሩ ስፋቱ አንድ ስለሆነ ፒስተኑ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ችግሩ የሚታወቀው ቫልቭ ሲታጠፍ ነው። ፒስተኑን ሁልጊዜ ከቴስታታው ጋር አዛምዱ፣ ከብሎኩ ጋር አይደለም።

አሁን ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፒስተኑ የሲሊንደሩን አየር ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ አስሉ። ይህ ስሌት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን ሙሉ ሞተር ነው። የቴስታታውን ክፍል መጠን ራሳችሁ ለኩት፦ ካንዴላውንና ቫልቮቹን አስገቡ፣ የቫልቮቹን ጠርዝ ስስ ግሪስ ቀቡ፣ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ከላይ ለጥፉ፣ ከዚያ ቀለም ያለው ውሃ በሲሪንጅ እየለካችሁ አንድም የአየር አረፋ እስከማይቀር ሙሉ። ለምሳሌ 38 ሲሲ አገኛችሁ እንበል። ስፋቱ 82 ሚሜ፣ ሲጨመቅ ውፍረቱ 1 ሚሜ የሆነ ጋስኬት 5.3 ሲሲ ይይዛል። ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት 0.5 ሚሜ ዝቅ ካለ 2.6 ሲሲ ይጨመራል። የፒስተኑ ጉድጓዶች 4 ሲሲ ቢሆኑ ድምሩ 49.9 ሲሲ ይሆናል። አንዱ ሲሊንደር በ85.5 ምት 440.6 ሲሲ ስለሚጠርግ፣ 440.6ን ከ49.9 ጋር ደምራችሁ ለ49.9 ስታካፍሉ 9.8 ይመጣል። በዚያው ክፍተት፣ በ77 ምት ግን 8.95 ብቻ ነበር። ሌላ ምንም ሳትነኩ ምቱን ማስረዘማችሁ ብቻ ኮምፕሬሽኑን አንድ ሊሞላ ጥቂት በቀረው መጠን ያነሳዋል። ቴስታታውን "ለማስተካከል" ብላችሁ 0.3 ሚሜ ስታስቆርጡ ደግሞ ከዚህ በላይ ይወጣል። ቶርኖ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህ ቁጥር በእጃችሁ ይሁን።

ያገለገለ ብሎክ ስትይዙ ከሁሉ በፊት የዋና ብሮንዚኖቹን (ክራንኩ ብሎኩ ላይ የሚዞርባቸውን) ክዳኖች ተመልከቱ። ክዳኖቹ ከዚያው ብሎክ ጋር ታስረው ነው የተቦረቦሩት። ከሌላ ብሎክ የመጣ ክዳን ብሎኑ ይገባል፣ ክራንኩ ግን ይጨነቃል። ቁጥራቸውና የፊት ምልክታቸው ከሌለ፣ ወይም አንዱ ክዳን ቀለሙም አጨራረሱም ከሌሎቹ ከተለየ፣ ያ ብሎክ መስመሩ እንደገና ካልተቦረቦረ አይሆንም። የብሎኩንም የቴስታታውንም ፊት በቀጥ ማስመሪያና በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት ምላሶች ባሉት የክፍተት መለኪያ) በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱም ሰያፍ ፈትሹ፤ 0.05 ሚሜ ያለው ስስ ምላስ የትም ቦታ ከገባ ፊቱ መስተካከል አለበት።

ከዚያ የቀዳዳዎቹ ነገር ይመጣል። የሁለቱንም ሞተሮች አዲስ የቴስታታ ጋስኬት ያዙና አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ወደ መስኮት ብርሃን አንሡ። ብርሃኑ በሁለቱም በኩል ሙሉ ሆኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ ደህና ነው። ጨረቃ መስሎ የሚታየው፣ ወይም በአንዱ ጋስኬት ብቻ ያለው፣ እሱ ነው ሥራ የሚፈልገው። በሰም እርሳስ አክብቡት፣ ከዚያ ጋስኬቱን በብሎኩ ላይ፣ ቀጥሎ በቴስታታው ላይ አስቀምጣችሁ እያንዳንዱ ቀዳዳ ምን እንደሚያሳልፍ ለዩ። ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ዘይት በግፊት ወደ ላይ የሚወጣበት፣ ዘይት በክብደቱ ወደ ኮፓ የሚመለስበት፣ እና ውሃ። የመጀመሪያው ከተደፈነ ካምሻፍቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ሰው አይዘነጋውም። የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው። መመለሻው በግማሽ ከጠበበ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ምንም አይልም፤ በከፍተኛ ዙር ግን ዘይቱ ላይ ተከማችቶ ኮፓው ይጎድላል፣ ፖምፓው አየር ይስባል። እኔ ዘንድ አንድ መመለሻ በጋስኬቱ ጠርዝ ሩቡ ያህል ተሸፍኖ ነበር፤ ጋስኬቱን በስለት ከመቁረጥ ይልቅ የብረቱን ቀዳዳ በፋይል ማስፋት ነው የሚሻለው፣ የጋስኬቱ ጠርዝ አንዴ ከተነካ ዘይት ያስገባል።

ከውሃ ቀዳዳ ጋር በተያያዘ የታወቀ ምሳሌ አለ። የሼቭሮሌ 400 ትንሹ ብሎክ ሲሊንደሮቹ የተጣበቁ ስለሆኑ በመካከላቸው እንፋሎት የሚያመልጥባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። የ350 ቴስታታ እነዚህ የሉትም። ሳይቦረቦር ከተገጠመ እንፋሎቱ እዚያው ታፍኖ ቴስታታውን ያግላል። በዚያው ቤተሰብ ደግሞ የ400ው ክራንክ በ350 ብሎክ እንዲገባ ዋና አንገቶቹ ከ2.65 ወደ 2.45 ኢንች መጠረብ አለባቸው። ክራንኩ ሚዛኑን የሚጠብቀው ከውጭ ባለው ፑሊና ፍላይዊል ክብደት ስለሆነም የ350ው ፍላይዊል ቢታሰርበት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አንድ ፋብሪካ የሠራቸውና እርስ በርስ የሚገቡ ሞተሮች እንኳ ይህን ያህል ይለያያሉ።

ወደ ቢዬላው ልመለስ፣ የመጀመሪያው ሞተር የሞተው እዚህ ላይ ነውና። ምቱ ሲረዝም በቢዬላ ብሎኖች ላይ የሚመጣው ጫና ስለሚጨምር ፋብሪካው ያሰራቸውን አውጥቼ ጠንካራ ብሎኖች አስገባሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ስህተቱ እዚያው ማቆሜ ነው። ጠንካራ ብሎን ክዳኑን በበለጠ ኃይል ይጨምቃል፣ በዚያ ጭመቃ ደግሞ የቢዬላው ትልቁ ቀዳዳ ክብነቱን ያጣል። በብዙ ቢዬላዎች ላይ ክዳኑን በትክክል ቦታው የሚያስቀምጠው የብሎኑ አካል ራሱ ስለሆነ፣ ብሎን ሲወጣና ሌላ ሲገባ ክዳኑ በፀጉር ያህል ወደ ጎን ሊንሸራተትም ይችላል። ስለዚህ የቢዬላ ብሎን ከተቀየረ፣ ቢዬላው በአዲሱ ብሎን በሙሉ ጥብቀቱ ታስሮ ትልቁ ቀዳዳ ቶርኖ ቤት እንደገና መከርከም አለበት። ይህ አማራጭ የለውም። ከፈረሰው ሞተር ቢዬላውን ባዶውን አስሬ ስለካው በቁመትና በአግድም መካከል 0.04 ሚሜ ልዩነት ነበረው፤ ለጤናማ ቀዳዳ ከ0.01 ብዙም ማለፍ የለበትም።

ለምን ቀድሞ አልታየኝም? በፕላስቲጌጅ ብቻ ስለለካሁ ነው። ፕላስቲጌጅ ማለት ሰም የመሰለ ቀጭን ክር ነው፤ በደረቀው የክራንክ አንገት ላይ በርዝመቱ ታስቀምጡታላችሁ፣ ክዳኑን በሙሉ ጥብቀት ታስራላችሁ፣ ክራንኩን ሳታዞሩ ትፈታላችሁ፣ ከዚያ የተደፈጠጠውን ክር ስፋት ከማሸጊያው ላይ ካለው መስመር ጋር ታስተያያላችሁ። በሰፋ ቁጥር ክፍተቱ ጠባብ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው ክሩ ያረፈበትን አንዱን ቦታ ብቻ ነው። ላይና ታች ደህና ሆኖ፣ ሁለቱ ብሮንዚኖች በሚገናኙበት ጎን ላይ ክፍተቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የፈረሰው ሞተር ያልዞሩት ብሮንዚኖች ይህንን በግልጽ ያሳዩ ነበር፤ መሃላቸው ግራጫና ንጹሕ ሆኖ መገናኛ ጠርዞቻቸው አካባቢ ተፍቀው ያብረቀርቃሉ። እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ ዘይቱን አትጠርጥሩ፣ ቀዳዳውን ለኩ።

ትክክለኛው አለካክ ይህ ነው። የክራንኩን አንገት በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ፣ በሁለት ቦታ ለኩ። ቢዬላውን ብሮንዚን አስገብታችሁ በሙሉ ጥብቀት እሰሩና በውስጥ መለኪያ ጌጅ በቁመት፣ ከመገናኛው በላይና በታች በሰያፍ ለኩ። ልዩነቱ ነው ክፍተቱ። ለመንገድ ሞተር የሚሠራው ልምድ በየ25 ሚሜ የአንገት ስፋት 0.025 ሚሜ ነው፤ 48 ሚሜ አንገት ላይ 0.045 አካባቢ ካገኛችሁ ደህና ናችሁ። በቁመት ከሚገኘው ይልቅ ወደ መገናኛው ሲጠጋ ትንሽ መስፋት አለበት፣ ብሮንዚኑ የተሠራው እንደዚያ ነው። እዚያ ከጠበበ ቁሙ። የክራንኩ የፊትና የኋላ መንሸራተት ደግሞ ከ0.10 እስከ 0.20 ሚሜ ውስጥ ይሁን።

ፒስተኖቹንና ቢዬላዎቹን መዝኑ፣ በተለይ ከተለያየ ሞተር የመጡ ከሆኑ። አራቱ ፒስተኖች ከፒናቸው ጋር በ1 ግራም ውስጥ ይቀራረቡ። ቢዬላው ሁለት ጊዜ ይመዘናል፣ ትልቁ ጫፍ ለብቻ፣ ትንሹ ለብቻ፤ ጠቅላላ ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቢዬላዎች ጫፎቻቸው ሊለያዩ ይችላሉና።

ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው የብረት ቀለበት) ላይ ብዙ ሰው ከፓኬቱ አውጥቶ ይገጥማል። አታድርጉት። ፋሻውን ያለ ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ በፒስተን ራስ ገፍታችሁ 25 ሚሜ ያህል ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱት፣ ከዚያ የጫፎቹን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። ያለ ቱርቦ ለሚሠራ ሞተር የላይኛው ፋሻ ክፍተት የሲሊንደሩ ስፋት ሲባዛ 0.004 ነው፤ ለ81 ሚሜ 0.32 ሚሜ ይሆናል። ሁለተኛው ትንሽ ሰፋ ብሎ 0.36 እስከ 0.40። ከሰፋ ጥቂት ጉልበት ታጣላችሁ። ከጠበበ ግን ሲግል ጫፎቹ ተገናኝተው ፒስተኑን ይሰብራሉ፤ ስለዚህ በጥርጣሬ ጊዜ ወደ ሰፊው አድሉ። ስትሞርዱ ከአንዱ ጫፍ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ሞርዱ።

ሁለተኛው ሞተር ላይ ከሁሉ የጠቀመኝ ሳይታሸግ ሙሉ በሙሉ አንድ ጊዜ መገጠሙ ነው። ክራንኩ፣ አንድ ፒስተን፣ ያገለገለና የተጨመቀ ጋስኬት፣ ቴስታታው፣ ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) እና እነሱን ከክራንኩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ፣ ሁሉም ለልምምድ ብቻ። በፒስተኑ የቫልቭ ጉድጓዶች ላይ 5 ሚሜ ያህል ውፍረት ያለው የልጆች መጫወቻ ፕላስቲሲን ይለጠፋል፣ ቫልቮቹ እንዳይይዙት በዘይት ይቀባሉ፣ ቴስታታው ይታሰራል፣ ክራንኩ በእጅ ቁልፍ በዝግታ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። የሚያግድ ነገር ከተሰማችሁ አትግፉ። ቴስታታው ሲነሳ ቫልቮቹ ፕላስቲሲኑ ላይ ማኅተም ትተዋል፤ በምላጭ መሃሉን ቁረጡና ከሁሉ የሳሳውን ቦታ በካሊፐር ለኩ። መግቢያው ቢያንስ 2.0 ሚሜ፣ መውጫው ደግሞ እየጋለ ስለሚረዝም ቢያንስ 2.5 ሚሜ ይኑረው። የጎኑንም ተመልከቱ፣ የቫልቩ ጠርዝ ከጉድጓዱ ግድግዳ 1.5 ሚሜ ይራቅ። አንዳንዱ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ለክቶ ያልፋል፤ ነገር ግን መውጫው ቫልቭ ፒስተኑን የሚቀርበው ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ነው፣ መግቢያው ደግሞ 10 ዲግሪ ያህል ካለፈ በኋላ። ለዚህ ነው ሙሉ ዙር የሚያስፈልገው።

በዚያው ልምምድ በፒስተኑ ጠርዝና በቴስታታው መካከል የሚቀረውን ክፍተት በብየዳ ቆርቆሮ ሽቦ ለኩ። ሽቦው በፒኑ አቅጣጫ ባሉት ሁለት ጎኖች ይቀመጥ፣ በሌላው ጎን ፒስተኑ ስለሚንገዳገድ ውሸት ያነብላችኋል። 0.9 እስከ 1.1 ሚሜ ጥሩ ነው። ከ0.8 በታች ከሆነ በከፍተኛ ዙር ቢዬላው ሲለጠጥ ፒስተኑ ቴስታታውን ሊነካ ይችላል። ብዙ ሲሰፋ ደግሞ ቃጠሎው ይዘገያል፣ ሞተሩም ለማንኳኳት ይቀርባል። ኮምፕሬሽን ለመቀነስ ብሎ ወፍራም ጋስኬት መደራረብ የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ኮምፕሬሽኑን በፒስተኑ ጉድጓድ ቀንሱት።

የቴስታታ ብሎን ሌላው ስውር ነገር ነው። ብሎኖቹ ከየትኛው ሞተር ይምጡ? የብሎኩ ቀዳዳ ጥልቀት፣ የቴስታታው ውፍረትና የብሎኑ ርዝመት ካልተስማሙ ብሎኑ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። ቶርክ ሬንቹ "ደረሰ" ይላችኋል፣ ቴስታታው ግን አልተጨነቀም። እያንዳንዱን ቀዳዳ በካሊፐር ጅራት ለኩ፤ ብሎኑ ከታሰረ በኋላ ከሥሩ ቢያንስ 3 ሚሜ ባዶ ይቅር። ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ደግሞ ብሎኑ ሲወርድ መውጫ ስለማያገኝ ብሎኩን ይሰነጥቃል። በአየር ንፉና በጨርቅ አድርቁ። በተለጥጦ የሚሠራ የፋብሪካ ብሎን ሁለተኛ ጊዜ አትጠቀሙ።

ረዘም ያለው ብሎክ ቴስታታውን ወደ ላይ ስለሚያርቅ የጊዜ ቺንጋው አይደርስም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከፍታው የጨመረው በሁለቱም የቺንጋ ጎን ስለሆነ እጥፉን ውሰዱና ለጥርሱ ርቀት አካፍሉ። ለምሳሌ ብሎኩ 15 ሚሜ ቢረዝምና የጥርሱ ርቀት 8 ሚሜ ቢሆን 30 ሚሜ ማለት ወደ 4 ጥርስ ነው። የጥርሱ ቅርጽና የቺንጋው ስፋት ከፑሊው ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ክብ ጥርስ በአራት ማእዘን ጥርስ ቦታ ይገባል፣ ግን ይበላል። ሌላው ብዙዎች የማያዩት፣ በአንዱ ጎን 15 ሚሜ ለ8 ሲካፈል ሙሉ ጥርስ አይሆንም፤ ሁለት ጥርስ ብትሰጡት 1 ሚሜ ይተርፋል። 48 ጥርስ ባለው የካም ፑሊ ላይ ያ 1 ሚሜ በክራንኩ ሲቆጠር ወደ 2 ዲግሪ ነው። ምልክቶቹ ልክ ያልመጡት የተሳሳታችሁ መስሏችሁ ጥርስ አታዝልሉ፣ አንድ ጥርስ 15 ዲግሪ ነውና። የሚስተካከል የካም ፑሊ ግዙና በዲግሪ ሳህን (ክራንኩ ላይ በሚታሰር፣ ዲግሪ በተጻፈበት ዲስክ) አስተካክሉት።

ስትገጥሙ የዘይት ፖምፓውን ውስጥ በቫዝሊን ሙሉት፤ ደረቅ ፖምፓ ለመሳብ ይቸገራል። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁንና እሳቱን ቁረጡ፣ ሞተሪኖውን ለ10 ሰከንድ እያዞራችሁ እያሳረፋችሁ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ ቀጥሉ። የመብራት ምልክት አይበቃም፣ ቁጥር የሚያሳይ ጌጅ እሰሩ። ሲግል በየ1,000 ዙሩ ወደ 0.7 ባር መኖር አለበት።

ሲነሳ ሚኒሞ ላይ አታቆዩት። 15 ደቂቃ ያህል ከ1,800 እስከ 2,500 ዙር እያለዋወጣችሁ አዙሩት፣ ውሃና ዘይት የሚያንጠባጥበውን እያያችሁ። ከዚያ አጥፉ፣ ቀዝቀዝ ሲል ዘይቱን ከነፊልትሮው ለውጡ። ፋሻ የሚቀመጠው በጭነት ነው እንጂ በማባበል አይደለም፤ መንገድ ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 4,500 ዙር በሦስት አራተኛ ነዳጅ ሳቡት፣ ከዚያ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንስታችሁ ራሱን እንዲይዝ ተዉት። አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል። ለመጀመሪያው 1,500 ኪሎ ሜትር ሲንቴቲክ ያልሆነ ዘይት ተጠቀሙ።

ነዳጅና እሳቱን በሚመለከት፣ 1,587 ሲሲ ለነበረ ሞተር የተሠራው ኮምፒውተር አሁን 11 በመቶ የሚበልጥ አየር ይመጣበታል። የሚገባውን አየር የሚለካ መሣሪያ ካለው በከፊል ራሱን ያስተካክላል። በግፊት ብቻ የሚገምት ከሆነ ግን ነዳጁ ያንሳል፣ ያነሰ ነዳጅ ደግሞ ፒስተን ያቀልጣል። ሰፊ ንባብ ያለው የኦክስጅን ጌጅ ጭስ ማውጫው ላይ ሳታስሩ ሙሉ ነዳጅ አትስጡ፤ ሙሉ ሲሰጥ የአየርና የነዳጁ ጥምርታ 12.5 እስከ 12.8 ይነበብ። ኮምፕሬሽኑ ስለጨመረ እሳቱን በ4 ዲግሪ አዘግይታችሁ ጀምሩና አንድ አንድ ዲግሪ እየጨመራችሁ ሂዱ። ጠጠር የተጨመረበት ቆርቆሮ የመሰለ ድምፅ በጭነት ከመጣ ወዲያው ልቀቁ። ካንዴላው ሸክላ ላይ ትንንሽ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ካያችሁ አሉሚኒየም ነው፣ ከፒስተኑ የመጣ።

የዙሩን ጣሪያም አውርዱ። 85.5 ሚሜ ምት በ7,000 ዙር ፒስተኑን በአማካይ በሰከንድ 20 ሜትር ያስሮጠዋል፤ የ77ቱ ምት እዚህ የሚደርሰው በ7,770 አካባቢ ነው። ቴስታታው ከዚያ በላይ መተንፈስ ስለሚችል ሞተሩ "ልቀቁኝ" የሚል ይመስላል፣ የሚሸከመው ግን ከታች ያለው ቢዬላ ነው። እኔ 6,800 ላይ ዘግቼዋለሁ።

ፊልትሮውን ባወጣችሁ ቁጥር ቆርቆሮውን በመቀስ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። በመጀመሪያው ለውጥ ጥቂት የብረት ብናኝ በማግኔት ይነሳል፣ ይህ የፋሻና የሲሊንደሩ መስማማት ነው። በ500 ኪሎ ሜትር መቀነስ፣ በ1,500 መጥፋት አለበት። ማግኔት የማያነሳው፣ መዳብ ወይም እርሳስ የመሰለ ቅርፊት ከታየ ግን ድምፅ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ኮፓውን አውርዱና የቢዬላ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈታችሁ ብሮንዚኖቹን ተመልከቱ። በዚህ ሰዓት ከተደረሰ የሚቀየረው ብሮንዚን ብቻ ነው፣ ክራንኩ ይተርፋል።